ገሉ ተርፎ ታሪኩ እንዳይጠፋ፦ የቁፋሮ ግኝቶችን በማከማቻ መያዝ

ቅርስ ማከማቻ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ካርቶን ከፈትኩ። ውስጡ ሦስት መቶ የሚጠጋ ገል አለ። አንዱም አልሻገተም፤ አንዱም አልፈረከሰም። ከሥር ግን የወረቀት ብናኝ ተከምሯል። የየከረጢቱ መለያ ወረቀት ነበር፤ ነፍሳት በልተውታል። ገሎቹ ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጡ የሚናገር አንዲት ፊደል አልቀረችም። አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ባልደረባዬ ካርቶኑን አየና «ተሰባብሮ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የተሰበረ ይጠገናል» አለኝ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር እስካሁን ሥራዬን ይመራዋል። የቁፋሮ ግኝት በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንድም ዕቃው ራሱ ይበላሻል፣ አንድም ዕቃው ከመዝገቡ ይለያያል። የካናዳ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ስብስቦችን የሚጎዱ 10 መንስኤዎችን ይዘረዝራል። እሳት፣ ውኃ፣ ሌባ፣ ተባይ፣ ብርሃን እያለ ይቀጥልና ዕቃና መረጃ መለያየታቸውንም እዚያው ከነእሳቱ ጋር ያስቀምጠዋል። ትክክል ነው። አንድ ቦታ አንዴ ከተቆፈረ ተመልሶ አይቆፈርም። የቀረን ዕቃውና ማስታወሻው ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው በመንግሥት ወይም በሕዝብ ማከማቻ ውስጥ ለተመደባችሁ፣ በተለይ ገና ለጀመራችሁ ነው። ትልቅ በጀት የማይጠይቀውን ነገር አስቀድማለሁ።

ዕቃው በር ላይ ሲደርስ

የመጣውን ሳጥን ወዲያው መደርደሪያ ላይ አትስቀሉት። መጀመሪያ ቆፋሪዎቹ ከሰጧችሁ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ሰባት ከረጢት ተብሎ ስድስት ከመጣ ጠይቁ፤ ጊዜው ያኔ ነው። ቆፋሪው ከተማ ውስጥ እያለ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ስልኩን የሚያነሳ ላይኖር ይችላል።

ከዕቃው ጋር የመስክ ማስታወሻ ደብተሩ፣ ሥዕላዊ ንድፎቹ፣ ፎቶዎቹ፣ የኮምፒውተር ፋይሎቹም ይምጡ። «በኋላ እንልካለን» የሚል መልስ ከሰማችሁ ቀኑን በጽሑፍ አስይዙ። እኔ ያለ ማስታወሻ ደብተር የገባ ስብስብ ግማሹ ብቻ እንደገባ አድርጌ ነው የምቆጥረው።

እንጨት፣ ቆዳ፣ ቅርጫት፣ ጨርቅ ካለ ለብቻው ክፍል ይቆይ። ተባይ ይዞ መጥቶ ከሆነ እዚያው ይታወቅ። ተባይ ከተገኘ ብዙ ማከማቻዎች የሚጠቀሙት ዘዴ ማቀዝቀዝ ነው። ዕቃው በፕላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሲወጣ እሽጉን ወዲያው አትፍቱት። ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ፤ አለበለዚያ ጤዛው ዕቃው ላይ ይቀመጣል። ይህ ዘዴ ግን ለሁሉም አይሆንም። እርጥብ ዕቃ፣ ብርጭቆ፣ ከተለያየ ነገር ተገጣጥሞ የተሠራ ዕቃ ከሆነ ባለሙያ ሳታማክሩ አታስገቡ።

ቁጥሩ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፤ ሁሉ ነገር የሚያዘው በዚህ ነው።

ቁጥር በአንድ ቦታ ብቻ ከተጻፈ እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። እኔ በአምስት ቦታ እጽፋለሁ፦ ዕቃው ላይ፣ ከረጢቱ ውስጥ ባለው መለያ ላይ፣ በከረጢቱ ውጭ፣ በሳጥኑ ላይ፣ በመዝገቡ ላይ። አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ይመሰክራሉ።

ዕቃው ላይ ሲጻፍ በቀጥታ አይጻፍም። መጀመሪያ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን ሙጫ በአሴቶን አሟሙታችሁ ቀጭን መስመር ትቀባላችሁ። ሲደርቅ በላዩ በካርቦን ቀለም ቁጥሩን ትጽፋላችሁ። እሱም ሲደርቅ ሌላ ቀጭን ቅብ ይደረብበታል። የላይኛውን ቅብ በአንድ ምት ጨርሱት። ብሩሹን ካመላለሳችሁት የታችኛው ሙጫ ይለሰልስና ቁጥሩ ይጨማለቃል። ይህ ሙጫ የሚወደደው ቶሎ ስለማይወይብና ወደፊት በአሴቶን ሊለቅ ስለሚችል ነው። የጥፍር ቀለም አንድ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ይወይባል፣ ይላጣል፣ ሲላጥ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። የእርማት ነጭ ቀለምም እንዲሁ።

የት እንደሚጻፍም ይታሰብበት። በገሉ የስብራት ጠርዝ ላይ አይጻፍም፤ ነገ ከጎኑ ቁራጭ ጋር ሊገጣጠም ይችላል። ጌጥ ባለበት ፊት ላይ አይጻፍም። በድንጋይ መሣሪያ ስለት ላይ አይጻፍም፤ የአገልግሎት ጭረቱ የሚጠናው እዚያ ነው። የሚፈረፈር፣ በጣም ትንሽ ወይም ወደፊት ናሙና የሚወሰድበት ዕቃ ላይ ጨርሶ አይጻፍ፤ መለያው አብሮት ይቀመጥ።

ለመለያው ተራ ወረቀት አትጠቀሙ። የመጀመሪያውን ካርቶኔን አስታውሱ። ታይቬክ የሚባለው ወይም ሌላ የማይቀደድና እርጥበት የማይበላው የፕላስቲክ ወረቀት አለ። የሚጻፈውም በእርሳስ ወይም በካርቦን ቀለም ነው። የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ ሲነካው ይሰራጫል። ማርከር ደግሞ ያታልላል። በጻፋችሁበት ቀን ደማቅ ነው። እኔ ግን በማርከር የተጻፈባቸው ከረጢቶች ከዓመታት በኋላ ሲከፈቱ ጥላ ብቻ የቀረባቸውን አይቻለሁ። በከረጢቱ ውጭ መጻፉ አይከፋም፤ ውስጡ ሌላ መለያ ካለ ብቻ።

ለሳጥን አድራሻ ስጡት። ክፍል 2፣ መደርደሪያ 7፣ እርከን 3፣ ሳጥን 4 ዓይነት። ከዚያ ዕቃ በወጣ ቁጥር በቦታው አንድ ካርድ ይቀመጥ፤ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ወዴት። «አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» ለሚል ሰውም ቢሆን። በተለይ ለእሱ።

መዝገቡ ደግሞ ቅጂው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይኑር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2018 የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል ወደ 20 ሚሊዮን ከሚጠጋው ስብስቡ አብዛኛው እዚያው ነበር። ሉዚያ የምትባለው ጥንታዊት ሴት የራስ ቅል ስብርባሪ ከፍርስራሹ ውስጥ ተለቅሞ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ስብርባሪ የማን እንደሆነ ለመለየት አስቀድሞ የተያዘ መዝገብ ይረዳል። አንድ ሕንፃ ዕቃውንም ብቸኛውን መዝገቡንም ከያዘ አንድ እሳት ሁለቱን ይወስዳል።

ማሸጊያው ራሱ ሲጎዳ

አዲስ ሰው በጣም የሚገርመው ይህ ነው። ዕቃውን ለመጠበቅ የገዛነው ነገር ዕቃውን ሊበላው ይችላል።

ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ እያረጀ ሲሄድ አሲድ ይለቃል። ያ ለስላሳ፣ ጠረኑ አፍንጫ የሚወጋ ፕላስቲክ ማከማቻ ውስጥ አይግባ። እንጨት፣ በተለይ ኦክ፣ እንዲሁም ብዙ ዓይነት የተጨመቀ እንጨት የአሴቲክ አሲድ ትነት ይተፋል። እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠራ ዕቃ በእንጨት መሳቢያ ቆይቶ ነጭ ዱቄት ይለብሳል። ዛጎልም እንዲሁ ነው። ሱፍ የብርን ዕቃ ያጠቁራል፤ ድኝ አለውና። ከረጢት የሚታሰርበት ላስቲክም ድኝ አለው፤ በዚያ ላይ ይደርቅና ዕቃው ላይ ይጣበቃል። ጋዜጣ አሲድ አለበት። ጥጥ ለስላሳ ቢመስልም ጭረቱ የገሉን ሸካራ ገጽ ይይዛል፣ እርጥበትም ያቁራል።

ያለ ሥጋት የምትጠቀሙባቸው ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን የሚባሉት ፕላስቲኮች፣ እንዲሁም አሲድ የሌለው ወረቀትና ካርቶን ናቸው። ከጥቅሉ ላይ ስሙ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ፤ የማያውቅ ከሆነ አትግዙ። ትልልቅ ሙዚየሞች አዲስ ዕቃ ሲገዙ የኦዲ ፈተና ይሠራሉ። በብሪቲሽ ሙዚየም በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። የሚፈተነው ነገር ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁርጥራጭ ጋር ትንሽ ውኃ ባለበት የታሸገ ብልቃጥ ይገባል። ከዚያ 60 ዲግሪ ሙቀት ላይ 28 ቀን ይቆያል። ብረቶቹ ከዛጉ ያ ነገር ከቅርስ ጎን አይቀመጥም።

ገል፣ ድንጋይና አጥንት የሚገባበት ከረጢት በመርፌ ይበሳ። የተያዘ እርጥበት መውጫ ይፈልጋል። ከመታሸጉ በፊትም ታጥቦ የነበረ ነገር በጥላ ሥር ፍጹም ይድረቅ። «ደርቋል» ብሎ የሚያስብ እጅ ይሳሳታል፤ ውጩ ይደርቅና ውስጡ ይቀራል። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ያሸግሁት አጥንት በሦስተኛው ሳምንት ግራጫ ሻጋታ ለብሶ ጠበቀኝ። ስከፍተው የተሰማኝን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ አንድ ተጨማሪ ቀን ሳልጠብቅ አላሽግም።

ሳጥን ሲሞላ ክብደቱን አስቡ። አንድ ሰው ያለ ጭንቀት ካላነሳው በዝቷል። እኔ ከ10 ኪሎ አላሳልፍም። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፤ ድንጋይና አጥንት በአንድ ሳጥን አይቀላቀሉ። ለስስ ዕቃ ከፖሊኢትሊን ስፖንጅ በቅርጹ ልክ ጎጆ ቁረጡለት። ያኔ ሳያነሱት ማየት ይቻላል፤ ያልተነሳ ዕቃ ደግሞ አይወድቅም።

ብረትና ነሐስ

ጊዜያችሁ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ኑ። ገል ዝም ብሎ ይጠብቃችኋል። ብረት አይጠብቅም።

አፈር ውስጥ የኖረ ብረት ክሎራይድ የሚባል ጨው ይጠጣል። ከአፈር ሲወጣ አየርና እርጥበት ያገኛል። ያን ጊዜ ጨውና እርጥበት ተባብረው ከውስጥ ይሰነጥቁታል። ላዩ ላይ ብርቱካናማ ጠብታ ካያችሁ ብረቱ «እያለቀሰ» ነው ይባላል። ከሥሩ ቅርፊት ረግፎ ካያችሁም ያው ነው። ነሐስና መዳብ ላይ ደግሞ ምልክቱ ደብዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ለስላሳና የሚቦን ከሆነ የነሐስ በሽታ ነው። ጠንካራውና ለጥ ያለው አረንጓዴ ግን ጤነኛ ልባስ ነው፤ አትንኩት።

መድኃኒቱ ድርቀት ነው። በብረቱ ዙሪያ ያለው የአየር እርጥበት ከ12 በመቶ በታች ሲሆን ዝገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ለነሐስ ከ35 በመቶ በታች ካቆያችሁት ጥሩ ነው። ክፍሉን በሙሉ እንዲህ ማድረቅ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ክዳኑ ግጥም የሚል የፖሊፕሮፒሊን ሳጥን ውሰዱ። ዕቃዎቹን በተበሱ ከረጢቶች አስገቡ። ሲሊካ ጄል የሚባለውን እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ጨምሩ። እርጥበት የሚያሳየውን ወረቀት ከጎን በኩል ሳጥኑ ሳይከፈት እንዲነበብ አድርጋችሁ ለጥፉ። የሳጥኑ መከፈት ራሱ እርጥበት ማስገባት ነውና።

ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ትንሽዬ ጥቅል ለዚህ አይበቃም። ጄሉን በርከት አድርጉት። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ክሎራይድ ስላለው ለጤና አደገኛ ነው፤ ብርቱካናማውን ምረጡ። ቀለሙ ሲቀየር ጠግቧል ማለት ነው። በምድጃ ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ለሰዓታት ታድርቁና እንደገና ትጠቀሙበታላችሁ። እኔ ወር በገባ የመጀመሪያው ሰኞ ሁሉንም ሳጥን በጎን እያየሁ አልፋለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አጥንት፣ የዝሆን ጥርስና እንጨት ግን እንዲህ ደረቅ ሳጥን ውስጥ አይግቡ። ይሰነጠቃሉ። «ሲሊካ ጄል ጥሩ ነው» ሲባል ሰምተው ለሁሉም የሚያስገቡ ስላሉ ነው ይህን የምደግመው።

ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ለማጽዳት እጃችሁ እንዳይዳዳ። የሳንቲሙ የቀድሞ ገጽ ብዙ ጊዜ ያለው ዝገቱ ውስጥ ነው። ቢላዋው የተጠቀለለበት ጨርቅ ክሩ በዝገቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። ዝገቱን ስታራግፉ ያን ታራግፋላችሁ። የኤክስሬይ ፎቶ ማስነሳት ከተቻለ ማለፊያ ነው፤ ከጉልበት ይልቅ ብዙ ያሳያል።

ክፍሉ

ሻጋታ እርጥበቱ ከ65 በመቶ ሲያልፍ መንቃት ይጀምራል። ስለዚህ ከዚያ በታች ይሁን። ከቁጥሩ እኩል የሚያሳስበው መዋዠቁ ነው። ገል ውስጥ ጨው ካለ እርጥበቱ ሲጨምር ጨው ይሟሟል፣ ሲቀንስ ይረጋል። በተመላለሰ ቁጥር የገሉን ቆዳ እየገፋ ያፈልሰዋል። ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ የእርጥበት መመዝገቢያ መሣሪያ ክፍሉ መካከል አስቀምጡ፤ መስኮት ሥር አይሁን። ንባቡን ጻፉት። ዓመት ሲሞላ የክፍሉን ጠባይ ታውቁታላችሁ።

የታችኛው እርከን ከወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይነሳ፤ 15 ቢሆን ደግሞ የተሻለ። መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ ይራቅ። የውኃ ቧንቧ በራሱ ላይ የሚያልፍበት መደርደሪያ ካለ ባዶውን ተዉት። ምግብ አይግባ። የሚያጣብቁ የነፍሳት ወጥመዶችን ጥግ ጥጉ ላይ አድርጉና የተያዘውን ቁጠሩ። መብራት ሰው በሌለ ጊዜ ይጥፋ።

ላልመጣው ጥያቄ የሚቀመጥ

ከሰል፣ አፈር፣ ጥርስ፣ ድስት ሥር የተጣበቀ ቅሪት ዓይን አይገቡም። ለእኔ ግን ከማከማቻው ሁሉ ውዶቹ እነሱ ናቸው። ካርቦን 14 በሚባለው የዕድሜ መለኪያ ዘዴ የተለኩ የመጀመሪያዎቹ ዘመኖች በ1949 እ.ኤ.አ. ሲወጡ ለአንድ ልኬት በግራም የሚቆጠር ከሰል ይጠይቅ ነበር። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በመጣው ዘዴ ሚሊግራም ይበቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. በሳይቤሪያ ዴኒሶቫ ዋሻ የተገኘች ትንሽ የጣት አጥንት በ2010 እ.ኤ.አ. በዘረመሏ ከዚያ በፊት የማይታወቅ የሰው ዘር ገለጠች። ቆፋሪዎቹ ሙጫ ቀብተዋት ወይም በባዶ እጅ ሲያገላብጧት ከርመው ቢሆን ሥራው እጅግ ይከብድ ነበር።

እንግዲህ ለዘረመል የሚሆን ነገር በጓንት ይያዝ። ለካርቦን ልኬት የሚሆን ከሰል በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በንጹሕ ብልቃጥ እንጂ በጥጥና በወረቀት አይጠቅለል። የምግብ ቅሪት ያለበት ገልም በፎይል ይሁን፤ ከፕላስቲክ የሚለቅ ኬሚካል ውጤቱን ያበላሻል። ሙጫ የተቀባ ነገር ካለ የትኛው ሙጫ፣ መቼ፣ በማን እንደተቀባ ይመዝገብ።

የሰው አፅም ለብቻው፣ በተሸፈነ ቦታ፣ ማን እንደገባ በሚመዘገብበት ክፍል ይቀመጥ። አፅሙ ሰው ነበር። ለጉብኝት አይከፈትም፤ ለፎቶ አይደረደርም። ዘሮቹ የሚታወቁ ከሆነ ቃላቸው ይሰማ።

የተከማቸ ውዝፍ ላለበት

ብዙዎቻችሁ የምትረከቡት ባዶና ንጹሕ ክፍል አይሆንም። እስከ ጣሪያ የተከመረ ካርቶን ነው። ኢክሮም የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ማዕከል ከዩኔስኮ ጋር ያዘጋጀው ሪ-ኦርግ የሚባል ዘዴ አለ፤ ለእንዲህ ያለ ማከማቻ የታሰበ ነው። ፈልጋችሁ አንብቡት። እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ወለል ላይ ያለውን መጀመሪያ አነሳለሁ። ከዚያ ብረቱን እለያለሁ። ቀጥሎ ቁጥር የሌለውን። በሳምንት አንድ መደርደሪያ፤ ከዚያ በላይ ከሞከርኩ መሳሳት እጀምራለሁ።

ቁጥር የሌለው ዕቃ ሲገኝ ከመንቀሳቀሱ በፊት ባለበት ፎቶ ይነሳ። ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጠው፤ ጊዜያዊ መሆኑ ከፊቱ በሚጻፍ ፊደል ይለይ። የካርቶኑ ጽሑፍ፣ የእጅ ጽሑፉ ዓይነት፣ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር ይቀመጥ። ጋዜጣውን ከዕቃው ለዩት እንጂ አትጣሉት።

ያንን የመጀመሪያውን ካርቶን ያዳነው ጋዜጣ ነው። ከሥሩ ተነጥፎ የነበረው ገጽ ላይ ቀን ነበረበት። በዚያ ቀን አካባቢ የገባ አንድ ቁፋሮ ብቻ መዝገብ ላይ አገኘን። ከቁፋሮው ፎቶዎች ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ተደርድረው የተነሱ ገሎች ነበሩ፤ ከጎናቸው ቁጥራቸው ይታያል። ከአንጋፋው ባልደረባዬ ጋር ገሎቹን እየያዝን ከፎቶው ጋር ስናስተያይ ሁለት ሳምንት ቆየን። 41ዱን ለየን። የቀሩት በጊዜያዊ ቁጥራቸው እርከን 3 ላይ ናቸው። ሳጥናቸው ላይ የቁፋሮውን ስምና «ማስታወሻ ደብተሩ ገና አልተገኘም» የሚል በእርሳስ ጽፌያለሁ።